ለጤና ሚኒስቴር እና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ተማሪዎቻችን ለማይድን ሕመምተኛ ምን እንደሚያደርጉ ይማሩ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ለሕክምናና ለነርሲንግ ተማሪዎች የሙያ ሥነ ምግባር ሳስተምር፣ በሥቃይ ላይ ያለ ሕመምተኛ ሕይወቱን እንዲያሳጥሩለት ቢለምናቸው ምን እንደሚያደርጉ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ሕይወት የፈጣሪ ስጦታ መሆኗን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሰው ራሱን እንዲገድል መርዳትን እንደሚቀጣ ጠቅሰው «አናደርገውም» ይላሉ። በመልሳቸው እስማማለሁ። «ታዲያ ለዚያ ሰው ምን ታደርጉለታላችሁ?» ስላቸው ግን የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ያልተማሩትን የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም የማይድን ሕመምተኛን ሥቃይ የማቃለል እንክብካቤ፣ ከየት ያመጡታል?

ይባስ ብሎ፣ ለሥቃይ ማስታገሻ ሞርፊን መስጠትን፣ ወይም የማይጠቅም ሕክምናን ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ ማቆምን፣ ሰው ከመግደል የማይለዩ ተማሪዎች አሉ። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ የፈቀዱት፣ ሐኪም በሕመምተኛው ጥያቄ ሕይወቱን የሚያሳጥርበት ድርጊት ዓላማው ሞት ነው፤ ሞርፊን የሚታዘዘው ግን ሥቃይን ለመቀነስ ሲሆን፣ መጠኑም የሕመምተኛው ሁኔታ እየታየ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ተረኛ ሐኪም፣ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ወደ አጥንቷ ለተሠራጨባት እናት ከሞርፊን ደከም ካለው ማስታገሻ ከትራማዶል ያለፈ ነገር ለማዘዝ ይፈራል፤ እርሷም ሌሊቱን በጣር ታሳልፋለች።

ሌላው ጉዳይ እውነቱን መናገር ነው። በአገራችን ሐኪሙ የሕመሙን ክብደት በአብዛኛው የሚነግረው ለአስታማሚው ነው፤ ቤተሰቡም «እንዳይደነግጥብን አይንገሩት» ብሎ ይማጸናል። ይህ ከፍቅር የሚመነጭ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ቀኑ መቅረቡን ያልተነገረው ሰው መናዘዝ፣ ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ጋር መነጋገር፣ የተጣላውን መታረቅ ይፈልግ እንደነበር ማን ጠየቀው? ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚሻና በማን ፊት እንዲነገረው እንደሚወድ አስቀድሞ መጠየቅ፣ እንደ ማንኛውም የሕክምና ክህሎት ልምድ ባለው መምህር ሥር የሚለመድ ነው።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 አገሮች የማስታገሻ ሕክምናን በጤና ሥርዓታቸው እንዲያጠናክሩ ወስኗል፤ የጤና ሚኒስቴርም ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ግን ተማሪው ዘንድ ካልደረሰ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አይደርስም። ኡጋንዳ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ከፈቀደች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ስለዚህ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪዎች ሁሉ ከመመረቃቸው በፊት በማስታገሻ ሕክምና የግዴታ የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ፣ ልምምዱም እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ባሉ ተቋማት የሚሰጠውን የቤት ለቤት እንክብካቤ እንዲያካትት እጠይቃለሁ። የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ይህን ዕውቀት ይመዝን፤ ፈተና የማይመጣበትን ትምህርት ተማሪ እንደማያጠናው ሁላችንም እናውቃለን። ከሁሉ በፊት ግን የሚዋጥ ሞርፊን በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሳይቆራረጥ እንዲገኝ ይደረግ፤ መድኃኒቱ በሌለበት አሰጣጡን ማስተማር አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና ሥነ ምግባር መምህር