ሐሳብ መለወጥ ሁሉ አንድ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው በጋዜጣችሁ በሚወጡ የውጭ ዜናዎች ውስጥ አንድ ባለሥልጣን ውሳኔውን በቀየረ ቁጥር «ሐሳቡን ለወጠ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። እንግሊዝኛው ግን ለዚህ በርካታ ፈሊጦች አሉት፤ አብዛኞቹም ድርጊቱን ከመንገር አልፈው ይፈርዱበታል።

«ሰከንድ ቶውትስ» ሰውየው ማመንታት መጀመሩን ብቻ ይናገራል። «ዩ ተርን» (ወደ ኋላ ዞሮ መመለስ) ግን፣ በተለይ በብሪታንያ ፖለቲካ፣ ክስ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1980፣ የሥራ አጡ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አልፎ የኢኮኖሚ ፖሊሲያቸውን እንዲተዉ ሲወተወቱ፣ በብራይተኑ የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ይህንኑ ቃል አንስተው የፈለገ ይዙር፣ እሳቸው ግን እንደማይዞሩ ተናገሩ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሊዝ ትረስ በበኩላቸው በ2022 ከ150,000 ፓውንድ በላይ በሆነ ገቢ ላይ የሚጣለውን የ45 በመቶ ግብር ለማስቀረት ያወጁትን ዕቅድ በ10 ቀን ውስጥ ሲተዉት፣ ታቸር የሸሹት ስም በእሳቸው ላይ ተለጠፈ።

የአሜሪካኖቹ «ፍሊፕ ፍሎፕ» (አቋምን መገለባበጥ) ደግሞ ወደ ስድብ ይጠጋል። በ2004 ዕጩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ኬሪ፣ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት የተጠየቀውን 87 ቢሊዮን ዶላር ከመቃወማቸው በፊት ደግፈውት እንደነበር መናገራቸው ለተቀናቃኞቻቸው ሲሳይ ሆነ። «ወላዋይ» ለዚህ ይለሰልሳል፤ «ተገለባባጭ» ይቀርበዋል። ሆኖም ቃሉ የተቃዋሚዎቻቸው በመሆኑ፣ ዘጋቢው ማን እንዳለው ሳይጠቅስ ቢጽፈው ፍርዱ የጋዜጣው ይሆናል።

ተማሪዎቼ «ባክ ቱ ዘ ድሮዊንግ ቦርድ» የሚለውን ወደ ቀድሞ ሐሳብ መመለስ አድርገው ይፈቱታል። ፈሊጡን ያስፋፋው በ1941 በኒው ዮርከር መጽሔት የወጣ ካርቱን ነው፤ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሳለ ነዳፊው ንድፉን በብብቱ ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ከስፍራው ይሄዳል። የሚመለሰው ወደ መንደፊያው ጠረጴዛ እንጂ ወደ አሮጌው ሐሳብ አይደለም፤ የቀድሞው ሐሳብማ ወድቋል።

በጣም የሚያሳስተው ግን «ቃልን መብላት» ነው። በእኛ ዘንድ ቃሉን የበላ ሰው የገባውን ተስፋ ያፈረሰ ነው፤ እንግሊዝኛው የሚለው ደግሞ የተናገረው ስህተት መሆኑን ለማመን የተገደደውን ነው። እንዲህ ያለው ፈሊጥ ቃል በቃል ሲተረጎም፣ ስህተቱን ያመነ ሹም በአንባቢ ዘንድ ከሃዲ ሆኖ ይቀርባልና፣ የትርጉም ክፍላችሁ ዜናው ከመታተሙ በፊት ይህን እንዲያጣራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር
ባሕር ዳር