ለጆሮው፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ እንደምን አለህ?

በድምፅ ልልክልህ ሞክሬ ነበር። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። እንደ ድሮው ልጻፍልህ።

ይቅርታ አድርግልኝ። አራት ዓመት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። እማማ ያረፉ ጊዜም አልመጣሁም። ሰምቼ ነው ያልመጣሁት። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ አሁን ግን ቀኑ እየሄደብኝ ስለሆነ የቸኮልኩበትን ላስቀድም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ መልስ መስጠት አለብኝ።

አምፕሊፋየርህ ደህና ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። አቧራ እንዳይገባበት በነጠላ ሸፍኜ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። “ለአንድ ወር” ብዬ እንደወሰድኩት አልረሳሁም።

አሁን ስማኝ። ወደ ታቦር ተራራ በሚወስደው መንገድ አንድ አዛውንት ፈረንጅ ይኖራሉ። ብዙ ዓመት እዚህ ቆይተው ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ነው። ዕቃቸውን እየሸጡ ነው። አንድ ጓደኛዬ ፍሪጅ ሊገዛ ሲሄድ ለወሬ አብሬው ሄድኩ። ሳሎናቸው መሀል ምን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? ከመጽሔት ቆርጠህ ሥራ ቦታህ ግድግዳ ላይ የለጠፍከው። ራሱ! ኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር። የመጀመሪያው። ፒተር ዎከር እንግሊዝ ሀገር ሀንቲንግዶን ውስጥ የሠራው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1957 ገበያ ላይ የዋለው ሞዴል። ጥንዱ ሙሉ ነው።

በፎቶ ከምናውቀው ይገዝፋል። እያንዳንዱ ወደ 88 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የነሐስ ቀለም ያለው ወንፊት፣ አጫጭር የእንጨት እግር፣ ወደ ኋላ ዘመም ያለ ቁመና። የማያውቅ ሰው የክረምት ማሞቂያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጓደኛዬ እጁን ዘርግቶ ሙቀቱን ሊሞክር ነበር።

ሰውዬው ዓይኔን አይተው ገባቸው። ሻይ አስቀርበው በገና ከፈቱልኝ፣ የዓለሙ አጋ። ጆሮው፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በገና ስንሰማ አንድ ትልቅ ንዝረት ነበር የምንሰማው አይደል? እዚህ ላይ አሥሩም ጅማት ለየብቻቸው ናቸው። በጅማቱና በድልድዩ መሀል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ስትንጫጫ ከየትኛው ጅማት እንደሆነ ትለያለህ። ድምፁ ከዕቃው አይወጣም። ከኋላው ካለው አየር ነው የሚመጣው፣ ሰውዬው እዚያ ተቀምጠው የሚደረድሩ ነው የሚመስለው።

ከዚያ እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ማታ ስለሱ ሳነብ ነው የማድረው። ሥራውን አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትረዳዋለህ። እንደ ተራው ስፒከር ማግኔት የለም፣ ኮይል የለም፣ የሚንቀጠቀጥ ወረቀት የለም። ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች መሀል ተወጥሯል። ፕላስቲኩ ከፍተኛ ቮልት ይጫንበታል። የኳዱ ለወፍራሙ ድምፅ 6,000፣ ለቀጭኑ 1,500 ቮልት ነው። ሙዚቃው በትራንስፎርመር ከፍ ብሎ ወደ ሰሌዳዎቹ ይገባል። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። ፕላስቲኩ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል። ወረቀት ግን አንዴ ከተነሳ ለመቆም ጊዜ ይፈልጋል። ልዩነቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳዩኝ። ሙዚቃው እየሄደ የስፒከሮቹን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉ። አምፕሊፋየሩ እየሠራ ነው። ድምፁ አልጠፋም! ቆይቶ ቆይቶ ነው እየደከመ የሄደው። ቻርጁ በአንዴ አይፈስማ። አንተ ብታይ ኖሮ ቤቱን ትገለብጠው ነበር።

ዋጋው የሁለት ወር ተኩል ደሞዜ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት አወራንበት። እሷ ገንዘቡን አይደለም የጠላችው። ሳሎኑን ነው። እውነቷን ነው። ይህ ስፒከር ፊቱም ጀርባውም እኩል ይጮኻል። ግድግዳ ላይ ካስጠጋኸው የኋላው ድምፅ ተመልሶ የፊቱን ያበላሸዋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ መሀል መውጣት አለበት። የእኛን ሳሎን ታውቀዋለህ፤ ሶፋው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መሀሉ ለረከቦትና ለሰው የተተወ ነው። በዓል ሲመጣ ቤተ ዘመድ የት ይቀመጣል? ቡና ሲፈላ ዕጣኑስ? ቻርጅ ያለው ነገር አቧራና ጭስ ይስባል። ዕጣን ይቅር ማለት ደግሞ እኔም አልደፍርም። ትንሿ ልጄም አለች። ቀዳዳ ካየች ጣቷን ሳትከት አታልፍም።

የባለቤቴ ወንድም አሜሪካ ነው ያለው። ሌላ ሐሳብ አመጣ። ማርቲን ሎጋን የሚባል አለ፣ ካንሳስ ውስጥ የተጀመረ። ላዩ ኤሌክትሮስታቲክ ነው፣ ታቹ ተራ የቤዝ ስፒከር። ፓነሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ድምፁን በ30 ዲግሪ ያህል ይበትነዋል። ያገለገለ ጥንድ በመርከብ ልላክላችሁ ይላል። እሷ ፎቶውን አይታ ወዳዋለች፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። አንተም ለዚያኛው እንደምታደላ ይታየኛል። ቤዝ ጊታር ካልደበደበህ ሙዚቃ ሰማሁ የማትል ሰው! ኳዱ ከ50 ኸርዝ በታች ብዙም የለውም። ከበሮ ስናደርግበት “ሰውየው ከበሮውን ቤቱ ረስቶት መጣ እንዴ?” ስትል ከአሁኑ ይሰማኛል።

እኔ ግን ከሁለቱ ኳዱን ነው የምመርጠው። ድብልቁ ላይ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ የሚገናኙበት ቦታ አለ። ያችን ስፌት ጆሮህ አንዴ ካገኛት አይለቃትም። ታችኛው ወረቀት ነው፣ ላይኛው አየር። ሁለቱን እኩል ማራመድ ቀላል አይደለም። ኳዱ ላይ የሰው ድምፅ ከደረት እስከ ከንፈር አንድ ነው። እኔ ደግሞ የሰው ድምፅ ነው የምፈልገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጽፈው ፈርቼ ነው እስካሁን ስለ ሳሎን ያወራሁት።

እሑድ ድጋሚ ሄድኩ። ቴፑን በባጃጅ ጭኜ፣ ካሴቶቻችንን ይዤ። ሁሌ የምንፈትንባቸውን ሰማሁ። ጥላሁንን፣ አስናቀች ወርቁን ከክራሯ ጋር። ከዚያ ከሳጥኑ ሥር ያቺን ካሴት አገኘኋት። በእርሳስ “ክረምት” ብለህ የጻፍክባት። አንተ ጋ ያለች መስሎኝ ነበር። ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብራ መጥታለች ማለት ነው። ሳላስፈቅድህ ከፈትኳት።

እማማ ናቸው። ቡና እያፈሉ የሚያንጎራጉሩት። ስንት ጊዜ ሰምተናታል፣ በዚያ በትንሹ ቴፕ፣ በትልልቁ ሳጥንህም። ድምፃቸውን ብቻ ነበር የምንሰማው። ጆሮው፣ ሲኒዎቹ አሉ! ሲታጠቡ እርስ በእርስ የሚነካኩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ አለ፣ መጀመሪያ ካፊያ ከዚያ ዶፍ። ስንኙን ከመጀመራቸው በፊት ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ያ ትንፋሽ አለ። መሀል ላይ አንድ ሰው “እሽ” ይላል። አንተ ነህ። እኔን ዝም እያሰኘኸኝ ነው። ካሴቱ ይንሿሿል፣ እሱም ከበፊቱ ጎልቶ ይሰማል፣ አልዋሽህም። ግን መንሿሿቱ አንድ ቦታ ቆሞ እሳቸው ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል።

ሰውዬው ቋንቋውን ጨርሶ አያጡትም። እስኪያልቅ ምንም አልተናገሩም። እኔም አልቻልኩም።

እማማ ባረፉ በሦስተኛው ቀን ነው የሰማሁት። በነጋታው መናኸሪያ ሄጄ ነበር። የአዳማ መኪና ሰው እየጠራ ነበር። አምፕሊፋየሩን ሳልይዝ እንዴት ፊቱን አየዋለሁ አልኩ። ይዤው ደግሞ ለቅሶ ቤት እንዴት ይገባል? እንዲህ ሳስብ መኪናው ሞልቶ ሄደ። ቀጣዩን አልጠበቅኩም። ከዚያ አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። በቆየሁ ቁጥር ለመምጣት የበለጠ ከበደኝ። ያለኝ ምክንያት ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ተቆጥተኸኝ ከሆነ ተቆጣ። ግን ይህን ሥራ ያለ አንተ መወሰን አልችልም።

መጀመሪያ፣ የግራው ስፒከር ከቀኙ ትንሽ ደከም ይላል። ገመዱን አቀያይሬ አየሁት፣ ድክመቱ ከስፒከሩ ጋር ነው። ፓነሉ አርጅቶ ነው ወይስ ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠው ክፍል ነው የወደቀው? ክፍሉ ከሆነ አንተ ዳዮዱንና ካፓሲተሩን ቀይረህ ትጨርሰዋለህ። ፓነሉ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው፣ የሚያድሱት ሰዎች ያሉት አውሮፓ ነው። ተራ መለኪያ እዚያ ላይ አይሠራም፣ ሲያስጠጉት ራሱ ቮልቱን ይጎትተዋል። ያንን ለቴሌቪዥን የምትጠቀምበትን ረጅሙን የከፍተኛ ቮልት መለኪያ አምጣው። መብራት ከጠፋ በኋላም ቻርጁ እንደሚቆይ ለአንተ አልነግርህም። ግን ተጠንቀቅ።

ሁለተኛው የአንተው አምፕሊፋየር ነው። ሰውዬው የራሳቸውን ለሌላ ሰው ቃል ገብተዋል። ያንተ በአንድ ጎን 100 ዋት ነው፣ 8 ኦም ላይ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ጫፉ 40 ቮልት ይደርሳል። ኳዱ የሚችለው 33 ቮልት ነው። ከዚያ ካለፈ ውስጡ ብልጭታ ይነሳና የቀጭኑን ድምፅ ፓነል ይበሳዋል። የእኛ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየር ሲሳሳ ብልጭታ ቶሎ ይነሳል አይደል? የሐይቁም እርጥበት አለ፣ በተለይ ክረምት። እንዲያውም ከ33 ብዙ ዝቅ ብንል ሳይሻል አይቀርም። የፓወር ሰፕላዩን ቮልት መቀነስ ይቻላል? ወይስ መውጫው ላይ የሚቆርጥ ነገር ታስገባለህ?

ሌላም አለ። ስፒከሩ በጠባዩ ትልቅ ካፓሲተር ነው። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ኦሙ ይወርዳል፣ ላይ ጫፉ ጋ 2 ኦም አካባቢ። አንዳንድ አምፕሊፋየር እንዲህ ያለ ጭነት ሲያገኝ ራሱን ስቶ ማፏጨት ይጀምራል። ያንተ ምን ያደርግ ይሆን? ትራንስፎርመሩን በእጅህ ስትጠመጥም አጠገብህ ነበርኩ። እኔ የማምነው እሱን ነው። የማምነውን ግን ሳልጠይቅህ ስፒከሩ ላይ አልሰካውም።

ለመብራቱ ስታቢላይዘር ገዝቻለሁ። ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ።

ለሳሎኑ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። እሷው ናት መፍትሔ ያመጣችው። ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጋለች። ሙዚቃ ሲሰማ ስፒከሮቹ እስከ ምልክቱ ይወጣሉ። ሲያልቅ ወደ ግድግዳ ይመለሳሉ፣ አቡጀዲ ይለብሳሉ። ዕጣኑ በረንዳ ላይ ይጨሳል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ባላውቅም። ልጅቷን “እዚያ ውስጥ እማማ ተኝተዋል” ብላታለች። እንደዚያ ባትል ይሻል ነበር። ልጅቷ አሁን በሩ ጋ ስታልፍ በእግር ጣቷ ነው የምትሄደው፣ ስፒከሮቹ ገና ቤት ሳይገቡ።

አንድ ችግር ብቻ ሊፈታ አልቻለም። ኳዱ በደንብ የሚሰማው ለአንድ ሰው ነው። መሀል ላይ፣ ከሁለቱ እኩል የሚርቅ አንድ ቦታ አለ። ጭንቅላትህን ትንሽ ካዘነበልክ ዘፋኟ ወደ አንዱ ጎን ትሸሻለች። ያንን ቦታ ከኖራው ምልክት ለክቼ ወንበር አስቀምጬበታለሁ። ያ ጀርባው የተሰበረው ወንበር፣ አስጠግኜዋለሁ። እኔ ጎን ላይ እቀመጣለሁ፣ ሰምቼዋለሁ።

ከቻልክ ሐሙስ ና። በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርገህ ከጠዋቱ ከተነሳህ ለምሳ ትደርሳለህ። አሞራ ገደል ወርደን አሳ እንበላለን፣ ከዚያ ሰውዬው ጋ እንሄዳለን። አምፕሊፋየሩን ይዘህ ልትመለስ ከፈለግክም ያንተ ነው፣ መኪና ላይ ራሴ እጭነዋለሁ። ስፒከሩ ይቅር እላለሁ። ካሴቷን ግን ከእጄ ወደ እጅህ ነው የምሰጥህ። በሾፌር አልልካትም።

አልመጣም ካልክም ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ። ስንት ቮልት ላይ ላቁመው?

ያንተው ካሴት ተሸካሚ