ለእማዬ፣ ሐረር

ውድ እናቴ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የድሬ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ስልክ ላይ ገና ድምፄን ስትሰሚ ማልቀስ ስለሚቀድምሽ ነገሩን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ይህቺ ልጅ ወደ ሐረር ስትወጣ አገኘኋትና ልጻፍልሽ አልኩ።

መጋዘን ያልገባ የመኪና ጎማ ገብቷል ብዬ ሞዴል 19 እንድቆርጥ ታዘዝኩ። ሞዴል 19 ቆርጬ ከፈረምኩ ዕቃውን ቆጥሬ ተረክቤያለሁ ማለት ነው፤ ነገ ኦዲት ሲመጣ ጎማው ከእኔ ይፈለጋል። እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግዢውም፣ ሒሳቡም፣ አለቃዬም አንድ ሆነው «ሥራ አደናቀፈች» ብለው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሰሱኝ። አብሬያቸው ቡና የምጠጣቸው ሴቶች እንኳ ረከቦቱ ጋ ስደርስ ወሬ ያቋርጣሉ።

አንቺ «ፈርመሽ ኑሪ፣ ፍርዱን ለእግዜር ተዪው» ብለሽኛል። ስለ እኔ ፈርተሽ ነው። ግን እማዬ፣ ለእግዜር መተው እንደዚያ አይመስለኝም። የይሁዳውን ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ሲይዝበት መጀመሪያ በገንዘብ ሊሸኘው ሞከረ፤ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ፣ ለዚያውም ከመቅደሱ በሮች ላይ ወርቁን ገፎ። ሰውየው አልተመለሰም። እኔም አንዱን ብፈርም ሁለተኛው ይከተላል። ከዚያ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ የኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ፣ ሕዝቡ እንዲሰማ በአይሁድ ቋንቋ እየጮኸ፣ የሚጋልብ ሰው ካላችሁ 2,000 ፈረስ ልስጣችሁ እያለ አላገጠ። የእኛም አለቃ በሩን ከፍቶ ነው የሚጮህብኝ። ሕዝቡ ግን ንጉሡ ዝም በሉ ስላላቸው ቃል አልመለሱም። እኔም አልመልስም፤ ያለኝን ከነቀኑ እጽፈዋለሁ።

የምወደው የደብዳቤውን ነገር ነው። የዛቻው ደብዳቤ ሲደርሰው ሕዝቅያስ አነበበውና ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ በፊቱ ዘረጋው። እኔም የክሱን ወረቀት አልጋዬ ላይ ዘርግቼ «አየኸው?» አልኩ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ያው ሕዝቅያስ ውኃ ወደ ከተማዋ የሚያስገባ ቦይም አስቆፍሯል፤ ከ500 ሜትር በላይ አለት ተፈልፍሎ፣ እስከ ዛሬም አለ። መጸለዩ ከመቆፈር አላስቀረውም። የእኔ ቁፋሮ ወረቀት መሰብሰብ ነው።

እንደ ኢየሩሳሌም እንደምተርፍ ማንም ቃል አልገባልኝም። ሌላዋ የይሁዳ ከተማ ለኪሶ ወድቃለች፤ እዚያም ለልጇ የምትጸልይ እናት አትጠፋም ነበር። ሥራውን ላጣው እችላለሁ፣ የቤት ኪራዩን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ግን ያልቆጠርኩትን ቆጠርኩ ብዬ ፈርሜ፣ ደግሞ እግዜር ይርዳኝ ለማለት በምን አፌ?

ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ መሳልሽን ሰማሁ። ሞዴል 19 እና ታኅሣሥ 19! ብቻዬን ሳቅሁ። ስለትሽ ሳይሰምር ግን ጥላውን እንዳትገዢ፤ ገንዘቡ ለመድኃኒትሽ ይሁን።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ፤ ግዢ ክፍል የጻፈልኝ ማስታወሻና የእኔ መልስ ቅጂ ነው። ሣጥንሽ ውስጥ ቆልፊበት። አጎቴ ላንብበው ቢልሽ እንኳ እኔ ሳልደውል አትስጪው። ኮሚቴው ሐሙስ ይጠራኛል፤ እንደወጣሁ እደውላለሁ፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊው።

ልጅሽ
ከድሬዳዋ