ፎርት ኮቺ የእንግሊዞች ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ደቡብ ህንዷ ፎርት ኮቺ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሰፈሯን «የእንግሊዝ ቅርስ» ብሎ ማለፉ ግን ቅር አሰኝቶኛል። እንግሊዞች እኮ የመጡት መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። ፖርቱጋሎች በ1503 ምሽግ ሠርተውባታል፤ ሆላንዶች በ1663 ነጥቀዋቸዋል።

የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ማየት ይበቃል፦ በፖርቱጋሎች ዘመን ካቶሊክ፣ በሆላንዶች ፕሮቴስታንት፣ በእንግሊዞች አንግሊካን ነበረች። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 ኮቺ ላይ ሞቶ የተቀበረው እዚያ ነው፤ አፅሙ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ቢወሰድም የመቃብሩ ቦታ ዛሬም ይታያል። (በ1541 ምጽዋ ወርዶ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፈው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ልጁ መሆኑን ብታነሡት ኖሮ ለእኛ አንባቢዎች ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበን ነበር።)

የባሕሩ ዳር «የቻይና መረቦች»ም በፎቶ ብቻ ቀርተዋል። ዓሣ አጥማጆቹ በገመድ እየሳቡ፣ በተንጠለጠሉ ድንጋዮች ክብደት እየታገዙ ነው የሚያነሷቸው። አጠገቧ ያለችው ማታንቸሪ ደግሞ በ1568 የተሠራ ምኩራብና የቅመም መጋዘኖች አሏት። ያ ሁሉ መርከበኛ ውቅያኖስ ያቋረጠው ለቁንዶ በርበሬ ሲል ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፋችሁ አንዴ እንኳ ስሙ አልተነሣም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ