«እድሜ ነው» እያላችሁ አትሸኙን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ? እናቴ 30 ዓመት ቾክ ይዛ ቆማ ያስተማረች ናት፣ ቁርጭምጭሚቷ በውስጥ በኩል አብጦ እግሯ ጠፍጣፋ ሲሆን የሄድንበት ክሊኒክ ሁሉ «እድሜ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን፣ ጫማዋ እኮ በአንድ ጎን ተበልቶ አልቋል። በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪም «በአንድ እግርዎ ቆመው ተረከዝዎን ያንሱ» አላት፣ አልቻለችም፣ ለካ ውስጠ እግርን ደግፎ የሚይዘው ጅማት ደክሟል። እንዳስረዳን ከሆነ በጫማ ድጋፍና በፊዚዮቴራፒ ካልተሻለ፣ እግሩም ገና ሲያጥፉት እሺ ካለ፣ የተረከዝ አጥንት ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ጣት የሚያጥፈው ጅማት ደግሞ የደከመውን ይተካል፤ ግትር ካለ ግን መገጣጠሚያዎቹን በብሎን ማጣበቅ ነው፣ ያኔ እግሩ ወደ ጎን መታጠፉ ይቀራል። ከዛ ደግሞ 6 ሳምንት ገደማ መሬት አለመርገጥ አለ። ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ምርጫ ይኖረን ነበር! እባካችሁ የጤና አምዳችሁ ላይ ሐኪም ጋብዙልን።

ልጇ፣ ከአዲስ አበባ