«ከ5,000 በታች ከሆናችሁ አትስጉ» ያላችሁ ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በእንቁጣጣሽ ልዩ እትማችሁ ያወጣችሁትን «ለ2016 ልናቅዳቸው የሚገቡ አሥር ነገሮች» አንባቢ ሁሉ ስላየው መልሼ አልዘረዝረውም። በጠዋት ስለመነሣት፣ ስለ ቁጠባና ውኃ ስለመጠጣት ያላችሁት ይሁን፤ ማንንም አይጎዳም። እኔን ያስቆጣኝ ስድስተኛው ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ «ከ5,000 በላይ ተከታይ ያላቸውን» ብቻ እንደሚመለከት ጽፋችሁ፣ አንባቢ በአዲሱ ዓመት የተከታዮቹን ቁጥር ከዚያ በታች ይዞ «በሰላም እንዲጽፍ» መክራችኋል።

ስህተት ነው። ትንሽ ስህተትም አይደለም፤ እናንተን አምኖ የጻፈን ሰው ችሎት ፊት ያቆመዋል።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በየካቲት 2012 ምክር ቤት ሲጸድቅ 23 የምክር ቤት አባላት ተቃውመውታል። አጭር ሕግ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ተነብቦ ያልቃል። አንቀጽ 4 የጥላቻ ንግግርን፣ አንቀጽ 5 ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ አንዳቸውም የተከታይ ቁጥር አይጠይቁም። ቁጥሩ የሚመጣው አንቀጽ 7 ላይ፣ ስለ ቅጣት ሲነገር ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ጣሪያው ለሁለቱም ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ 5,000 ቅጣት ማክበጃ ነው እንጂ ነጻ መውጫ አይደለም። ሦስት ተከታይ ያለውም ይጠየቃል፤ ገጽ የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለውና ወረቀት አባዝቶ የበተነውም ይጠየቃል።

ይባስ ብሎ በዚያው በከባዱ ንኡስ አንቀጽ ውስጥ የኅትመት ሚዲያም አለበት፤ ለእሱ ተከታይ አይቆጠርም። ማለትም አንባቢዎቻችሁን «አትስጉ» ያላችሁበት ድንጋጌ ቀድሞ የሚያገኘው እናንተን ነው። የራሱን ቅጣት ያላነበበ ጋዜጣ ለሌላው የሕግ ምክር ሲሰጥ ማየትም የ2016 በረከት መሆኑ ነው።

ሌላም የዘለላችሁት አለ። አንቀጽ 2 ማሰራጨት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን አውጥቷቸዋል። ሼር ማድረግን ግን አላወጣም። ስለዚህ አርባ አባል ባለው የዕድር ቴሌግራም ቡድን ውስጥ «እንደደረሰኝ» ብለው አንድ ፎቶ የሚያስተላልፉ እትዬ፣ መቶ ሺህ ተከታይ ካለው ገጽ ሥር ላይክ ብቻ አድርጎ ከሚያልፈው ጎረምሳ ይልቅ ለአዋጁ የቀረቡ ናቸው። ይህን ነበር ለሰው መንገር። እናንተ ግን ያነጋገራችሁት የሕይወት ክህሎት አሠልጣኝ፣ ተዋናይትና የባንክ ማርኬቲንግ ኃላፊ ነው። የ2015 ጳጉሜን እንኳ ስድስት ቀን ነበራት፤ በስድስት ቀን ውስጥ አንድ የቴሌግራም ቡድን አስተዳዳሪ ማግኘት አቃታችሁ? በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየገበያው ሌሊት እየነቃን ስድብ የምናጠፋው እኛ፣ ነገር ሲመጣ «አስተዳዳሪው ማን ነው?» ተብለን የምንፈለገውም እኛ። ስለ እኛ ሲጻፍ ግን የሚጠየቀው ተዋናይት ነው።

አዋጁን የምቃወመው የጥላቻ ንግግር ይስፋፋ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ሰው በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ የተነሣ እንዲገደል የሚቀሰቅሰውን ለመቅጣት ዱሮም የወንጀል ሕግ ነበር። የኔ ቅሬታ ከአለካኩ ነው። ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ትርጓሜ ውሸት መሆኑን እያወቀ ያሰራጨውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ይጨምራል። ስልክ በማይሠራበት፣ ኃላፊ መልስ በማይሰጥበትና ጋዜጠኛ በማይደርስበት ቦታ ያለ ሰው ምን ማወቅ ይገባው ነበር? ይህን የሚወስነው ከወራት በኋላ፣ እውነቱ ከጠራ በኋላ የተቀመጠ ዳኛ ነው። አንቀጽ 8 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ያዛል፤ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ይየው አይልም። 24 ሰዓት የተሰጠው ኩባንያ አማርኛውን ከነአገባቡ አይመረምርም፤ ጥቆማ የበዛበትን ያነሣና ይገላገላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልክ ሲከለክል ይህን ዓይነቱን በግል ኩባንያ እጅ የሚሠራ መቀስ አላሰበው ይሆናል፤ መቀስነቱ ግን አይቀርም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ራሱ ተከታዩን እየቆጠረ ዝም እንዲል ማድረጉ ነው። እናንተ ይህን የዓመት ዕቅድ ብላችሁ አተማችሁት።

ዘጠነኛው ነጥባችሁ ደግሞ ጉድ ነው። «በየቀኑ አንድ ሰዓት የኦንላይን ትምህርት፤ ኢንተርኔት ካስቸገረ ቪፒኤን ጫኑ።» ይህ ሲታተም በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ማርቆስ ያለው ተማሪ ይህን ሲያነብ የጋዜጣው ካርታ የት ላይ እንደሚያልቅ ይገባዋል። ደግሞም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አምታታችኋል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ኢንተርኔቱ ነበረ፤ የተከለከሉት አድራሻዎቹ ናቸው። ያኔ ቪፒኤን (በሌላ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የሚያገናኝ መተግበሪያ) ይሠራል፣ ምክንያቱም ስልኩ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሌላ አድራሻ ጋር ነው። ዳታው ከምንጩ ሲቋረጥ ግን የሚገናኘው ከማን ጋር ነው? ደረቅ ቧንቧ ላይ የውኃ ማጣሪያ እንደ መግጠም ነው። ይህንንም በ1185 እንዳታሳብቡ፤ ያ አዋጅ ኢንተርኔት የመቁረጥ ሥልጣን ለማንም አልሰጠም።

ዕቅድ ካላችሁ አይቀር እንዲህ ያለውን ብታወጡ ኖሮ ጋዜጣው ቤት ውስጥ ይለጠፍ ነበር። መስከረም ላይ አዋጁን ማንበብ፣ በተለይ አንቀጽ 6ን። እዚያ መከላከያ አለ፤ የመረጃውን እውነተኛነት ለማረጋገጥ በሁኔታው ውስጥ ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው በሐሰተኛ መረጃ አይጠየቅም፤ ዜና፣ ጥናት፣ ፖለቲካዊ ትችት፣ ኪነ ጥበብና ሃይማኖታዊ ትምህርትም የራሳቸው ከለላ አላቸው። ችግሩ ጥረቱን በማስረጃ ማሳየቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከሼር በፊት ፎቶውን በጉግል ሌንስ መፈለግና ቀድሞ የት እንደወጣ ማየት፤ ውጤቱን ከነሙሉ አድራሻው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በስክሪንሹት ማስቀመጥ። ብዙ ሰው ምስሉን ብቻ ቆርጦ ያስቀርና አድራሻውን ይጥለዋል፤ እንዲህ ያለው ስክሪንሹት ማስረጃ አይሆንም። ከላኪው ላይ ፎቶውን እንደ ፋይል ተቀበሉ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ከውስጡ ያለው የተነሣበት ቀንና ቦታም ይጠፋል። ተሳስቶ የወጣን ነገር ድምፅ ሳያሰሙ ማጥፋትም ጥሩ አይደለም። «እርማት» ብሎ ከነሰዓቱ መጻፍ ያዋጣል፤ የጠፋ ጽሑፍ እርማቱንም ይዞ ይጠፋል።

ለቡድን አስተዳዳሪዎች ደግሞ ጥቅምት ሳይጠባ የሚያልቅ ሥራ አለ። የአባላትን ፈቃድ ከፍታችሁ ፎቶ መለጠፍን ለአስተዳዳሪ ብቻ አድርጉ፤ በጭንቅ ሰሞን የዝግታ ሁነታውን (አንድ አባል በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚጽፍ የሚወስነውን) 15 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት። ማን ምን እንዳጠፋ የሚያሳየው የአስተዳዳሪዎች መዝገብ የሚቆየው 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ክስ የሚመጣው ከወር በኋላ ነው። ስለዚህ ጠብ በተነሣበት ቀን ማታ መዝገቡን ገልብጡ። በየወሩ ከኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ የቡድኑን ጽሑፍ ወደ ፋይል አውጡ፤ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። የሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ካልሠራችሁ ደግሞ የመግቢያ ኮዱ በኤስኤምኤስም ሊመጣ ስለሚችል ሲም ካርዱ በእጁ የገባ ሰው ገጹ በእጁ ገባ ማለት ነው።

ዕገዳን መለካትም ዕቅድ ነው። ገጾችና መተግበሪያዎች መታገዳቸውን የሚለካ ኡኒ ፕሮብ (OONI Probe) የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። ሲከፈት ቪፒኤኑ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ የሚለካው የኢትዮጵያን ኔትወርክ ሳይሆን ቪፒኤኑ ያለበትን አገር ነው። በዋይፋይም በሞባይል ዳታም፣ በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል፤ አንዱ ላይ የታገደ ሌላው ላይ ሊከፈት ይችላል። ውጤቱ ከነኔትወርኩ ስም ለሕዝብ ይታያልና ይህ የሚያሠጋው ሰው አስቀድሞ ይወቀው። ኢንተርኔት ጭራሽ በሌለበት ግን መተግበሪያው ምንም አይረዳም። እዚያ የሚያስፈልገው ደብተር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀበሌ፣ ስልክ ይደውላል ወይ፣ ኤስኤምኤስ ይሄዳል ወይ፣ ቋሚ መስመር ይሠራል ወይ። በዚህ አጋጣሚ ዳታ ሲጠፋ ገንዘቤም ጠፋ ብላችሁ ለምትደነግጡ፣ *127# (ቴሌብር) እና *889# (የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ) የሚሄዱት በድምፅ ኔትወርኩ ስለሆነ ስልክ እስከደወለ ድረስ ይሠራሉ፤ ግን ምዝገባውና የምስጢር ቁጥሩ ቀደም ብሎ ካላለቀ በጨለማ ቀን አይጀመርም።

ዕቅዳችሁ ሲወጣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ እንደነበርን አልዘነጋሁትም። መጠየቅ ግን ጨርሶ አልተሻረም። የመረጃ ነጻነት ድንጋጌው በአዋጅ 590/2000 ውስጥ ዛሬም አለ፤ የመንግሥት አካል ለጽሑፍ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ገጾቹ የታገዱት በማን ትእዛዝ ነው? በየትኛው አንቀጽ? ትእዛዙ በጽሑፍ አለ ወይ? ሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱን መዝገብ ቤት አስፈርማችሁ ያዙ፤ ያልተፈረመበት ማመልከቻ «አልደረሰንም» ይባላል። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አቤቱታው ወደ ተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ይህንን ከእኛ በተሻለ የምታውቁትና የሕግ ክፍል ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አንድም ጊዜ ጠይቃችሁ ከሆነ መልሱን አትሙልን። ካልጠየቃችሁም ስድስተኛውን ነጥብ አውጥታችሁ በቦታው ይህን ተኩ።

እርማቱንም በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንጠብቃለን፤ 5,000 ቅጣት የሚከብድበት ቁጥር መሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በድረ ገጻችሁ ብቻ እንዳታወጡት አደራ፤ እዚህ ሰው የሚያነበው የወረቀቱን ነው።

የአንድ የሰፈር ቴሌግራም ቡድን አስተዳዳሪ
ከባሕር ዳር