የመጀመሪያዋን ኤረር አንብቧት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን አላልፈውም፤ ግን የሚበዛው ስለ አዲስ ስልክና ስለ አዲስ አፕ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ልጆቻችን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ከነኮዱ አውርደው ራሳቸው ኮምፓይል ሊያደርጉ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ሊቀይሩ) ሲሉ መንገድ ላይ ስለሚያስቀራቸው ነገር ነው። ችሎታ አጥተው አይደለም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ኤረር (የስህተት መልእክት) አንብቡ ያላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። አያቱ በሕይወት ሳሉ በታይፕ ማመልከቻ እየጻፉ ነው ቤተሰብ ያስተዳደሩት፤ ከጻፉት ሁሉ በካርቦን አንዳንድ ቅጂ ያስቀሩ ስለነበር አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትተዋል። የመሬት ክርክር፣ የጡረታ አቤቱታ፣ የውሃ ይግባልን ጥያቄ፣ ምኑ ቅጡ። ልጁ ይህን ስካን አድርጎ ወደ ጽሑፍ ሊቀይረው አሰበ። ለዚህ ደግሞ ቴሴራክት አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤችፒ ውስጥ ተጀምሮ በ2005 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ አማርኛንም የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ልጁ አዲሱን ቨርዥን ስለፈለገ ከኮዱ ሊገነባው ተነሳ።

አንድ ምሽት ሙቀቱ በረድ ሲል ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሁለት ቀን ታግሏል፣ ኡቡንቱውን (የላፕቶፑን ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ሁለቴ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኗል፣ የሞባይል ዳታውም አልቋል።

"ምን ይልሃል?" አልኩት።

"ሜክፋይል የለም ይለኛል ጋሼ" አለኝና የመጨረሻዋን መስመር አሳየኝ።

እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ይላል። ሜክፋይል ማለት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገነባ የሚዘረዝር ፋይል ነው። ሁለት ቀን ሲፈልግ የከረመውም የዚያችን መስመር መፍትሔ ነው። ወደ ላይ ውጣ አልኩት። ትንሽ ከፍ ሲል ቁልጭ ብላ ተጽፋለች፦ ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ሊብሌፕቶኒካ ዴቭ የሚባለውን ጥቅል ለመጫን ሞክር። ሌፕቶኒካ ቴሴራክት ምስል የሚያነብበት ላይብረሪ ነው፤ ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው። ምን መጫን እንዳለበት ሳይቀር ነግሮታል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኮንፊገር (ፈታሹ)፣ ሜክ (ገንቢው)፣ ሜክ ኢንስቶል (ጫኙ) የሚሉትን ትእዛዞች ከቴሌግራም ኮፒ አድርጎ በአንድ ላይ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ለጠፋቸው። ኮንፊገር ማሽኑ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን እየፈተሸ ይሄድና ሲያበቃ ነው ሜክፋይሉን የሚጽፈው። መሀል ላይ ከቆመ ሜክፋይል የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሜክ ደግሞ የሚሠራበትን አጥቶ ይጮሃል። የመጀመሪያው ስለወደቀ ነው ሁለተኛው የጮኸው።

"ሌፕቶኒካ እኮ ጭኛለሁ" አለኝ ልጁ። አልዋሸም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንድ ላይብረሪ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ያለቀለትን ፕሮግራም ለማስኬድ የሚያስፈልገው ነው፣ ሌላው፣ ስሙ ዴቭ ብሎ የሚያልቀው፣ ኮምፓይለሩ የሚያነባቸውን የሄደር ፋይሎች (ላይብረሪው ውስጥ ምን እንዳለ የሚገልጹትን) የያዘው ነው። ልጁ የጫነው አንደኛውን ነው። ዴቩን ሲጭን ያ ሁሉ የሁለት ቀን ልፋት በደቂቃ አለቀ፤ ዳታውን ከእኔ ስልክ ነው የወሰድነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም። አንዳንዴ ላይብረሪው ከነዴቩ ተጭኖም ኮንፊገር የለም ይላል። ምክንያቱም የሚፈትሸው ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይል ለማድረግ በመሞከር ነው፤ ሙከራው በሌላ በማንኛውም ምክንያት ከከሸፈ ላይብረሪው የለም ብሎ ይደመድማል። ያን ጊዜ ኮንፊግ ሎግ የሚባለውን ፋይል መክፈት ነው። እዚያም ቢሆን መጨረሻውን አትመልከቱ፤ መጨረሻው ላይ የተዘረገፈው ዝም ብሎ የቅንብር ዝርዝር ነው። የላይብረሪውን ስም ፈልጋችሁ እሱ ጋ ቁሙ። ሙከራው ለምን እንደከሸፈ ኮምፓይለሩ ራሱ የተናገረው እዚያው አለ። በኮንፊገር ፋንታ ሲሜክ የሚባለውን መሣሪያ በሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ የጎደለውን ከጫናችሁ በኋላም ያንኑ ኤረር ከደገመ፣ የድሮውን መልስ ካሽ ፋይሉ ውስጥ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የቢልድ ፎልደሩን (ግንባታው የሚካሄድበትን) አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

የልጁ ነገር በዚያ አላበቃም። ሜክ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት "ኪልድ" ብሎ ቆመ። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው። የገለበጠው ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ጄ አለች፣ ቁጥር የላትም። ቁጥር ካልተሰጣት ሜክ ሥራውን ያለ ገደብ በአንዴ ያስነሳዋል፣ ራሙ ያልቃል፣ ሲስተሙ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። 2 ጻፍንባት። ቀስ እያለ ጨረሰ። ተጭኖ ሊነሳ ሲል ደግሞ የራሱን ላይብረሪ አላገኘሁም አለ፤ ኤልዲኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ (ሲስተሙ አዲሱን ላይብረሪ እንዲያውቀው የሚያደርገውን) ሰጠነው፣ ተነሳ።

ይሄ ልጅ ክፍያ ከፍሎ ሥልጠና ወስዷል። ቦታውን አልጠራም። ያስተማሩት ግን ትእዛዝ መገልበጥ ነው፤ አንድም ቀን አንድ ኤረር ፊቱ አስቀምጠው "ይሄ ምን እያለህ ነው?" አላሉትም። ይሄ ያናድደኛል። እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራ ልጆቹ ቀይ ነገር ሲያዩ ዓይናቸውን ያነሳሉ። ሌላ ልጅ ደግሞ ሜክፋይል ከቴሌግራም ገልብጦ "ሴፓሬተር ጎድሏል" እያለ ሲያስቸግረው የፕሮግራም ቋንቋውን ሁሉ ሊተው ደርሶ ነበር። ጥፋቱ ታብ መሆን የነበረበት ቦታ ስፔስ መግባቱ ብቻ ነው። ሜክ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ቤል ላብስ ውስጥ ከተጻፈ ጀምሮ ታቡ ላይ ድርድር የለም። ይህን በአማርኛ የሚነግራቸው ቢኖር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። በየሳምንቱ ከገጹ ጥግ ትንሽ ቦታ ስጡን። አንድ ሳምንት አንድ ኤረር፦ መልእክቱ እንዳለ፣ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ መጀመሪያ የት መታየት እንዳለበት። ከድሬም ከሐረርም የሚጽፉ ልጆች አሉ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ።

የልጁ ቴሴራክት አሁን ይሠራል። የድሮ ታይፕ ፊደል አንዳንዱን ያምታታበታል፣ ያን በእጁ ያርማል። ባለፈው እሑድ የአያቱን አንድ ማመልከቻ፣ "ለክቡር" ከሚለው ጀምሮ እስከ ታች፣ ከስክሪኑ ላይ ለእናቱ አነበበላቸው። ቦታውን ከፈቀዳችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት የሌፕቶኒካዋን ኤረር እኔ ጽፌ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ